ከመኪናው በፊት እግር ይግባ

ዕለቱ ሰኔ 12 ቀን ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ ቢያባራም በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ግቢ ውኃው እንደተኛ ነው። ከበሩ አጠገብ አንዲት ነጭ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ሞተሯ ተነሥቶ ቆማለች። በኋለኛው ወንበር ላይ በገመድ የታሰረ አይስ ቦክስ አለ። በውስጡ የያዘው የአባ ሰንጋ ክትባት ነው። መሪውን የጨበጡት ግን እንደ ወትሮው የጽሕፈት ቤቱ ሾፌር አይደሉም። እርሳቸው በቀኝ በኩል ተቀምጠዋል። በሾፌሩ ቦታ ያለችው የወረዳው ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት።

መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሰባት ወር ሆኗታል። በከተማው ውስጥ ነድታለች፤ አንድ ጊዜም እስከ ባሕር ዳር በአስፋልት ደርሳ ተመልሳለች። ከአስፋልት ወርዳ ስትነዳ ግን የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው። በጽሕፈት ቤቱ ሾፌሮች ጥቂት፣ የመስክ ሥራው ደግሞ ብዙ በመሆኑ መንጃ ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች ራሳቸው እየነዱ እንዲወጡ ተወስኗል። ከሃያ ዓመት በላይ በዚሁ ሙያ የሠሩት ሾፌር ዛሬ የወጡት ለማስተማር ነው። እኛም ከአይስ ቦክሱ ጎን ተቀምጠን አብረናቸው ተጓዝን። ባለሙያዋ ስሟ በጋዜጣ እንዳይወጣ ጠይቃናለች። ምክንያቱን ረፋድ ላይ ስለተረዳን የወረዳውንም ስም ትተነዋል። ቦታው በምሥራቅ ጎጃም ዞን መረሬ አፈር ከሚበዛባቸው ወረዳዎች አንዱ መሆኑን መናገር ይበቃል።

ቀኑ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። የሰኔ ሚካኤል ነው። በሬ አይጠመድም፤ ሞፈር አይነሣም። ስለዚህ የቀበሌው ከብት በሙሉ በአንድ ቦታ ሊሰበሰብ የሚችለው እንዲህ ባለው ቀን ነው። አርሶ አደሮቹ ከቅዳሴ መልስ ከብቶቻቸውን ይዘው 3 ሰዓት ላይ እንዲገኙ ተነግሯቸዋል። አባ ሰንጋ በአፈር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሳይሞት የሚቆይ ተህዋስ የሚያመጣው በሽታ ነው። ከብቱን በድንገት ይጥላል። የሞተውን ከብት የገፈፈ ወይም ሥጋውን የበላ ሰውም ይታመማል። ክትባቱ የሚሰጠው ክረምቱ ሳይጠና ሲሆን፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተያዘ ኃይሉን ያጣል። መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቀር የሚቀረው ጉዞ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አጭሯ ዘንግ

ባለሙያዋ ማርሽ ልታስገባ ስትል ሾፌሩ አስቆሟት። መጀመሪያ ወርዳ መኪናዋን እንድትዞር አደረጓት። ስኮርታው ነፋስ አለው? ክሪኩስ አለ? አካፋ፣ ዶማ፣ ወፍራም ገመድ፣ ሁለት የእንጨት ሳንቃ፣ የጎማ ነፋስ መለኪያና መንፊያ፣ ሁሉንም በእጇ እየነካች ቆጠረች። በካሶኒው ላይ የተጫነው ዕቃ እንዳይንከባለል ታስሯል። “ጭቃ ውስጥ ከገባሽ በኋላ የምትፈልጊውን ዕቃ አሁን ካላየሽው ያኔ አታገኚውም” አሏት።

አስፋልቱ ሲያልቅ መኪናዋ ጥግ ይዛ ቆመች። ትምህርቱ የቀጠለው ከዋናው ማርሽ ጎን ባለችው አጭር ዘንግ ላይ ነው። ዘንጓ ሦስት ቦታ አላት። በ“ኤች ሁለት” መኪናዋን የሚገፏት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ለአስፋልትና ለደረቅ ጠጠር መንገድ ይኸው ይበቃል። በ“ኤች አራት” የፊት ጎማዎችም ይሠራሉ፤ ለሚያንሸራትት መንገድ ነው። “ኤል አራት” ደግሞ አራቱም ጎማዎች በዝግታና በብርቱ ጉልበት የሚሠሩበት ነው። ለቁልቁለት፣ ለዳገት፣ ለወንዝና ለጥልቅ ጭቃ ይሆናል። ወደዚህኛው የሚገባው ግን መኪናው ቆሞና ፍሪሲዮን ተረግጦ ነው።

“ታዲያ ጋሼ፣ ሁልጊዜ በአራቱ ብነዳስ ምን ችግር አለው?” ስትል ጠየቀች።

መልሳቸው በዚህ ዓይነት መኪና ለሚነዱ ሁሉ ይጠቅማል። መኪናው ወደ ጎን ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል ርቀት አይሄዱም። አጭሯ ዘንግ በአራት ላይ ስትሆን ግን የፊቱና የኋላው አንድ ላይ ይታሰራሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራትቶ ልዩነቱን ያስተካክላል። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማው ስለማይንሸራተት ጭንቀቱ በሙሉ ማርሹና ዲፈረንሻሉ ላይ ያርፋል። ውሎ አድሮ የሚሰበረውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ይልቅ ልብ እንድትል የፈለጉት ሌላ ነገር ነበር። ብዙ ጀማሪ ፎር ዊል ካስገባ በኋላ አራቱም ጎማዎች ምንጊዜም እኩል የሚጎትቱ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ዲፈረንሻሉ የሚቆለፍ ዓይነት ካልሆነ በቀር፣ ከፊት አንዱ ከኋላም አንዱ ጎማ መንሸራተት ከጀመረ እነዚያ ሁለቱ ባዶውን ይሽከረከራሉ። መሬት የያዙት ሁለቱ ደግሞ ዝም ብለው ይቆማሉ። “ፎር ዊል ካልገባሽበት ቦታ ያሳልፍሻል እንጂ ከገባሽበት ጉድጓድ አያወጣሽም። ስለዚህ ዘንጓን የምታስገቢው ጭቃውን ሳትነኪ ነው” ሲሉ አስጠነቀቋት።

የጠጠር መንገዱን በደህና ጨረስነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቁልቁለት መጣ፤ ከሥሩም ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ። ባለሙያዋ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ መኪናዋን አቁማ “ኤል አራት” አስገባች። በአንደኛ ማርሽ፣ እግሯን ከፍሪሲዮን አንሥታ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝላት ለቀቀችው። መኪናዋ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለች ወረደች። ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን የረገጠ ሰው መኪናውን በፍሬን ብቻ ይዞታል ማለት ነው። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ፍሬኑ ጎማውን እንጂ መኪናውን አያቆምም።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ሾፌሩ በሩን ከፈቱ። “ውረጂ። ከመኪናው በፊት እግር ይግባ” አሏት። ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን ሰብስባ በሁለቱ የጎማ መስመሮች ላይ እየረገጠች ተሻግራ ተመለሰች። ውኃው ከጉልበቷ በታች ነው፤ ወለሉ ጠጠር ነው። አንድ ትልቅ ድንጋይ በግራው መስመር ላይ አግኝታ በዓይኗ ምልክት አደረገች። ወንዙ ደፍርሶ በኃይል የሚወርድ ቢሆን ኖሮ በእግርም በመኪናም መሞከር አይገባም፤ ውኃው እስኪጎድል መጠበቅ ብቻ ነው። ያን ዕለት ግን ረጋ ያለ ነበር።

በ“ኤል አራት”፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳትጨምር ሳትቀንስ ገባች። አውራ ጣቶቿን ከመሪው ውስጥ እንድታወጣ ተነግሯታል። ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪው በድንገት ዞሮ ጣት ሊሰብር ይችላል። በመሐል ማርሽ አልቀየረችም፤ ፍሪሲዮን አልነካችም። ማዶ ስትወጣ ፍሬኑን ደጋግማ ለስለስ አድርጋ በመርገጥ አደረቀችው። ፊቷ በራ። “ይኸው ነው እንዴ?” አለች። ሾፌሩ አልመለሱላትም።

የሣሩ ዳር

ከወንዙ በኋላ መሬቱ ጠቆረ። መረሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አንዳንዱ አካባቢ ዋልካ ይለዋል። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጠቅ፣ ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ አፈር ነው። እርጥቡ ሲረገጥ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ጥርሱን ይደፍነዋል፤ የተደፈነ ጎማ ደግሞ ከለሰለሰ ጎማ አይለይም።

ከፊታችን ያለው መንገድ በጭነት መኪና ታርሶ ሁለት ጥልቅ ቦይ ሆኗል። በቦዮቹ ውስጥ ውኃ ቆሟል። በግራ በኩል ግን ሣር የበቀለበት የማሳ ዳር አለ። ከዚህ በፊት ያለፉ መኪናዎች ቦዩን ሸሽተው በዚያ በኩል እንደዞሩ የጎማ ፈለጋቸው ይመሰክራል። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ40 ነው። ባለሙያዋ ወደ ሰዓቷ አየች፤ ወደ ሣሩ አየች። ሾፌሩ “ቆይ” ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ መሪው ወደ ግራ ዞሯል።

ሣሩ ሃያ እርምጃ እንኳ አላስኬደንም። የግራው የፊት ጎማ ሰመጠ። ነዳጅ ጨመረች። የቀኙ የኋላ ጎማ ጭቃውን እስከ መስኮት ድረስ እየረጨ ዞረ። ሁለቱ ጎማዎች ሲሽከረከሩ ሌሎቹ ሁለቱ አልተንቀሳቀሱም፤ ጠዋት የተነገራት ነገር በዓይኗ ታየ። በጨመረች ቁጥር መኪናዋ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ታች ሄደች።

“አጥፊው” አሉ ሾፌሩ። አጠፋችው። ዝም ተባለ። ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል።

መጀመሪያ የከፈተችው አይስ ቦክሱን ነው። ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ያሳያል። ከዚያ ወረደች። መኪናዋ በሆዷ ተኝታለች። ሣሩ ያለቀበት ጥግ ደግሞ የሰው ማሳ ነው፤ ለጤፍ ተደጋግሞ የታረሰ፣ ዘር የሚጠብቅ ማሳ። የኋላው ጎማ ገብቶበታል።

ባለ ማሳው ከቅዳሴ ሲመለሱ አገኙን። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ መጀመሪያ “እንዴት አደራችሁ፣ ማን ተጎዳ?” ነው ያሉት። ማንም እንዳልተጎዳ ሲያውቁ ባለሙያዋን “ነይ ልጄ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ” ብለው በማሳው ዳር ወደ ታች ወሰዷት። እኛም ተከተልን።

ከመኪናዋ በታች፣ ማሳው ትንሽ ዘቅዘቅ በሚልበት በኩል፣ ከጉልበት በላይ የሚጠልቅ ቦረቦር አለ። ዳርና ዳሩ ገና ትኩስ ነው፤ የማሳውን ጥግ ቆርሶ ገብቷል። “ካቻምና የጎማ ፈለግ ነበር። ማዳበሪያ የጫነ መኪና እንደ እናንተው ጭቃውን ሸሽቶ ዞረበት። አምና ውኃው መንገድ አገኘና ቦይ አደረገው። ዘንድሮ ይኸው፤ በሬ አያሻግርም። ለከርሞ ምን እንደሚሆን እናንተ የተማራችሁት ታውቁታላችሁ” አሉ።

ባለሙያዋ መልስ አልነበራትም። “ይቅርታ አባቴ፣ ወርጄ ሳላይ ነው የገባሁት” አለች።

አርሶ አደሩ ወደ ቤት ልጅ ልከው ዶማና ጎረቤት አስመጡ። በበዓል ቀን ዶማ ማንሣት ነውር ነው። ሆኖም “የወደቀ ማንሣት ሥራ አይደለም፤ ጽድቅ ነው” ብለው ጋቢያቸውን ለልጁ ሰጡ። በሾፌሩ መሪነት ሥራው በሥርዓት ተከናወነ። ከሆዷ ሥር ያለው ጭቃ ተዛቀ። ከአራቱም ጎማዎች ኋላ መውጫ ተቆፈረ፤ ሳንቃው፣ ድንጋዩና ቅርንጫፉ ከጎማው ሥር ገባ። በመለኪያው 35 ገደማ የነበረው የጎማ ነፋስ ወደ 20 እንዲወርድ ተደረገ፤ የላላ ጎማ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይይዛል። መውጫው ወደ ፊት ሳይሆን በመጣንበት ፈለግ ወደ ኋላ ነው። የመጣሽበት መሬት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሸክሞሻል፤ የፊቱን ግን አታውቂውም ይላሉ ሾፌሩ። የሚገፉት ሰዎች ከፊት ሆኑ፤ ከጎማዎቹ ኋላ ማንም እንዳይቆም ተደረገ።

መሪውን ሾፌሩ አልተቀበሏትም። “ያስገባሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ታወጪዋለሽ” አሏት። “ኤል አራት”፣ የኋላ ማርሽ፣ ለስላሳ ነዳጅ። አንዴ አልሆነም። ጎማው መሽከርከር ሲጀምር ወዲያው ለቀቀች፤ እንደ ቅድሙ አልጨመረችበትም። እንደገና ተቆፈረ። በሦስተኛው ሙከራ መኪናዋ ሳንቃው ላይ ወጥታ ወደ ድንጋያማው መሬት ተመለሰች። ሰዓቱ 3 ሰዓት ከ45 ነው።

አይስ ቦክሱ በበቅሎ

አሁን ጥያቄው በዋናው መንገድ፣ በሁለቱ ቦዮች ውስጥ መሞከር ነው ወይ የሚል ሆነ። ከብቱ ከተሰበሰበ ቆይቷል። ከቀበሌው ስልክ በተደጋጋሚ ይደወላል። ሾፌሩ ምንም አላሉም። ባለሙያዋ በዚህ ጊዜ ማንም ሳይነግራት ጫማዋን አወለቀች። ከአርሶ አደሩ ዱላቸውን ተዋሰች፤ የቦዩን ጥልቀት እየለካች እስከ ማዶ ሄዳ ተመለሰች። ከዚያም ዱላውን ከመኪናዋ ዲፈረንሻል ሥር አቁማ አስተያየችው። ከመሬት እስከ ዲፈረንሻሉ ያለው ክፍተት አንድ ስንዝር ገደማ ነው። ቦዩ ደግሞ ወደ ሁለት ስንዝር ይጠጋል። ጎማዎቹ ቦዩ ውስጥ ሲገቡ መሐሉ ያለው ጉብታ መኪናዋን በሆዷ ያንጠለጥላታል ማለት ነው። ያን ጊዜ “ኤል አራት”ም ሆነ ጎበዝ ሾፌር አያወጣትም።

“መኪናዋ እዚሁ ትቁም” አለች።

አርሶ አደሩ በቅሏቸውን አስመጡ። አይስ ቦክሱ በኮርቻው ላይ በደንብ ታሰረ። ባለሙያዋ መርፌና መመዝገቢያዋን በትከሻዋ አንግታ በእግር ተነሣች። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ቦታው ስንደርስ አርሶ አደሮቹ በሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ አንዳንዱ ከብቱን ይዞ ሊመለስ ተነሥቷል። ቴርሞሜትሩ 6 ዲግሪ ላይ ነው። ክትባቱ ደህና ነበር። ሥራው እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ቀጠለ፤ የመጣ ከብት ሳይከተብ አልተመለሰም።

ወደ መኪናዋ ስንመለስ ባለሙያዋ ለአርሶ አደሩ ስለደረሰው ጉዳት ምን እንድታደርግላቸው ጠየቀቻቸው። ገንዘብ አልፈለጉም። የጎማው ፈለግ ዝናብ ሳይዘንብበት እንዲደፈን፣ ሌላም መኪና ተከትሎ እንዳይገባ አፉ በድንጋይ እንዲዘጋ ብቻ ጠየቁ። “ዛሬስ በዓል ነው። ነገ ግን ውኃው አይጠብቀንም” አሉ።

በማግስቱ በወረዳው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ ዘንድ ቀርበን ጉዳዩን አነሣን። በአገራችን መረሬ አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። እርጥብ መረሬ በጎማ ሲረገጥ እንደ ጡብ ይጠቀጠቃል፤ ውኃ ወደ ውስጥ አያሰርግም፤ ሥርም አያስገባም። በላዩ የቀረው የጎማ ፈለግ በዘቅዛቃ መሬት ላይ ከላይ ወደ ታች የተሰመረ ቦይ ነው። ውኃው ተሰብስቦ በዚያው ይወርዳል፤ በየዝናቡም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ፈለጉ ገና አዲስ ሳለ አፈር መልሶ መደፈንና በየጥቂት እርምጃው በአግድም በድንጋይ መከተር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ቦረቦር ከሆነ በኋላ ግን የቀበሌውን ሕዝብ የሚጠይቅ የዘመቻ ሥራ ይሆናል። በየዓመቱ በበጋ ሕዝብ አሰልፈን ከምንሠራው ክትር የተወሰነው፣ በክረምት የእኛው መኪናዎች የከፈቱትን ለመዝጋት መሆኑን ባለሙያው አልሸሸጉም።

ከዚህ ጉዞ ለወረዳ አመራሮች የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። ባለሙያ ራሱ እየነዳ መስክ እንዲወጣ ማድረግ ካስፈለገ፣ መንጃ ፈቃድ ማየት ብቻውን አይበቃም። ከልምድ ካለው ሾፌር ጋር፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ በደረቁም በእርጥቡም መንገድ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን መለማመድ ይገባዋል። ለጥድፊያ ሥራ የሚወጣ መኪና መማሪያ ሊሆን አይገባም። አካፋ፣ ገመድ፣ ሳንቃና የነፋስ መንፊያ ከስኮርታው እኩል የመኪናው ዕቃ ተደርገው ሊመዘገቡ ይገባል። ዋናው ግን በየቀበሌው የክረምት ማቆሚያ መወሰን ነው። መኪና እስከዚህ ይደርሳል፣ ከዚህ በኋላ በጋማ ከብት ወይም በሸክም ነው ተብሎ አስቀድሞ ከታወቀ በቅሎውም በጠዋት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ማሳም አይረገጥም። ማዳበሪያና ምርጥ ዘርን የመሰለ ከባድ ጭነት ደግሞ መሬቱ ሳይርስ መግባት አለበት። አርሶ አደሩም በማሳው ዳር የሚከፈተውን አዲስ ፈለግ በመጀመሪያው ቀን በድንጋይ ቢዘጋ ለከርሞ ከሚጠብቀው ቦረቦር ይድናል።

ሰኔ 13 ቀን ከሰዓት በኋላ ለባለሙያዋ ስልክ ደወልንላት። ነፋስ እየነፈሰ ድምፅዋ ይቆራረጣል። ከሾፌሩ ጋር መኪናዋን ድንጋያማው ቦታ ላይ አቁመው፣ ከአርሶ አደሩና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ፈለጉን ደፍነው መጨረሳቸው ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበርም መጥተው አይተዋል፤ እስከ መስከረም ማንኛውም መኪና ከድንጋያማው ቦታ እንዳያልፍ ለመወሰን ተስማምተዋል።

“ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሳይጀምር ልውጣ” አለችን። ወንዙ ጋ ስትደርስ ግን ከመኪናዋ መውረዷ እንደማይቀር ነገረችን። አርሶ አደሩ ዱላቸውን ሰጥተዋታል። ሾፌሩ ስንዝሩ ላይ በቢላ ምልክት አድርገውበት ከወንበሯ ሥር አስቀምጠውታል።